የጎረቤቴ ስለት

ጎረቤቴ የስሪላንካ ተወላጅ፣ ሂንዱ የሆኑ ባልቴት ናቸው። እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን ውስጥ እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ፣ በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ስምንት ዓመት ኖረናል። በእንግሊዝኛ «አንቲ» እላቸዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ስለሚያውቁ፣ በነዚያ ቀናት ምግብ ሲያመጡልኝ ገና በር ላይ «ወተትም ቅቤም የለበትም» ይሉኛል። የገዛ እህቴ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅልኝም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ በሬን አንኳኩ። «ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ መቅደሳችን የማደርሰው ስለት አለኝ። ጉልበቴ እያለቀ ነው፤ ዘንድሮ ካልወጣሁ መቼም አልወጣም። ትደግፊኛለሽ?» አሉኝ። ስለትን እኛን ማን ያስተምረናል? እሺ አልኩ። የምን ስለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ከዳገቱ ሥር ወረድን። ወተት የሞላች ትንሽ የናስ ማሰሮ በአንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ በሌላው ክንዴን ጨምድደዋል። አሥር እርምጃ ሄደን እንቆማለን። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። «እንደ እኛው ቤተ ክርስቲያን!» ልል ስል ድንገት ፍርሃት ወረረኝ። እናቴ ለጣዖት የቀረበ ነገር እንዳልቀምስ አስጠንቅቃ ነው ያሳደገችኝ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እዚህ ቢያዩኝስ? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቅዳሴ ይገባል! ጸሎቱ እስኪያልቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ በስመ አብ ስል ቆየሁ።

ካህናቸው የወተት ሩዝ አደሉ። አንቲ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እንኪ፣ በረከት ነው።»

«ጾም ነኝ» አልኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! «እምነቴ አይፈቅድልኝም» ብል ኖሮ ከእሳቸው በላይ የሚገባው ሰው አልነበረም።

«ማክሰኞ አይደል?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«ልዩ ጾም ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

እሳቸው እቴ፣ ይቅርታ ጠየቁኝ! በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ወደ ካህኑ ተመልሰው አንድ ሙዝ ለምነው አመጡልኝ። «ወተት አልነካውም። ሰዓትሽ ሲደርስ ትበያለሽ።»

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንቲ አግዳሚው ላይ አረፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ፣ ሙዙን በሶፍት ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርኩት። ቀለል አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል ነው ያለኝ።

አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ እጄን ያዙ። «የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትሽ ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ተይዞ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ያለቀስሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ያኔ ነው የተሳልኩት። ፈቃድሽ ከመጣ በእግሬ ወጥቼ ወተት አቀርባለሁ አልኩ። ቶሎ ባለመፈጸሜ ስሳቀቅ ኖሬአለሁ።»

በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማልቀምስ ያውቃሉ፤ ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። «ደረሰልሽ። በይ ብዪ፤ ስለቱ ያንቺ ነው፣ ከበረከቱ ስትቀምሺ ልይሽ።»

ቦርሳዬን በሌላው እጄ ከፍቼ ማተራመስ ጀመርኩ። ቁልፍ፣ ቻርጀር፣ ሶፍት። የሌለ ነገር እፈልጋለሁ። «ጠፋብኝ መሰለኝ» አልኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ልይዝልሽ ይገባኝ ነበር» አሉና ደወሉን ተጫኑ። «ሩቅ አልሄድንም። እንመለስና ሌላ እንለምን።»

ያንን ዳገት በዚያ ጉልበት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «አንቲ፣ ጥዬዋለሁ። ጾምም አይደለሁም» አልኩ።

እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። አውቶቡሱ ሲቆም ቀስ ብለው ተነሡ።

«የት ነው አንቲ?»

«ይቅርታ ልለምንልሽ» አሉ።

ተከትዬ ወረድኩና ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። የአጥር ብረት እየተደገፉ፣ ስለ እኔ ዳገቱን እንደገና ወጡ።