በሆሳዕና ሰርግ የደገሰ ፊልም

ሙሽራው የሆሳዕናን ዘንባባ በግንባሩ እንዳሰረ ጥሬ ሥጋ ጎረሰ!

አሁን ከሲኒማ መግባቴ ነው። ደብረ ታቦር የንጉሥ ከተማ በነበረችበት ዘመን የተፈጸመ አስቂኝ ፍቅር ተብሎ ስንት ወር የጠበቅነው ፊልም ይኸው ነው።

የጋበዘኝ ለልጅ ልጄ ሽማግሌ የላከው ልጅ ነው፤ እሺታዬን ገና አልሰጠሁትም ነበር።

ሙሽሪት የባሏን አባት «አንተ» ስትለው ቀልድ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ሌላ ቀልድም አላገኘሁበት።

ሥጋው ሲቆረጥ ግን አዳራሹ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ልጁን አየሁት፤ እጁን አላነሳም።

«እሜቴ፣ ጾሙ መቼ ተፈታ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተስ መቼ ልትደግስ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ አንቱ ከፈቀዱ።»

ፊልሙ ወድቋል፤ ልጁ አልፏል።

እናንተንስ እንዲህ ከወንበራችሁ ሊያስነሳችሁ የደረሰ ፊልም የቱ ነው?