አግዳሚው ላይ ያሉት ደንበኞች አይደሉም

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ይህን ነው፦ ሱቄን ዘግቼ የዋልኩባቸው ስድስት ቀናት፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ የከፈልኩት መቶ ሃምሳ ብር፣ ከሚስቴ ጋር አንድ ደህና ጭቅጭቅ፣ ደግሞም የአንድ ሽማግሌ ኩራት። የመጨረሻው የት እንደሚመዘገብ እስካሁን አላወቅሁም።

ሱቄ ነገሌ ውስጥ ነው፤ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ገመድ፣ ጀሪካን፣ ሸራ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። የከፈትኩት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው መናኸሪያ ጭነት አወርድ ነበር፤ የተማርኩትም እዚያው ነው። ከሱቁ ፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ያሠራሁት ለደንበኛ ብዬ ነበር። ደንበኛ ግን ዕቃውን ይገዛና ይሄዳል። የሚቀመጠው የማይገዛው ነው።

የማይገዙት ሰዎች አለቃ አንድ የከብት ደላላ ሽማግሌ ናቸው። ከአሬሮም ይምጣ ከወደራ፣ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ኦዱውን፣ የመንገዱን ወሬ፣ ያራግፋል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግመል ስንት ገባ፣ ሻኪሶ ወርቅ አገኘ የተባለው የማን ልጅ ነው። ከእሳቸው ጎን የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ ቀርተዋል። መምህሩ ጠዋት በነዳጅ ዋጋ ጀምረው ሹማምንቱን አዳርሰው፣ ከሰዓት ኳስ ተጫዋቾቹ ላይ ይደርሳሉ። ሳይተቹት የሚቀራቸው የለም። እኔ ቆጣሪው ኋላ ሆኜ እየሰማሁ ስኳር እመዝናለሁ። ክፉ ኑሮ አልነበረም።

በዚያ ዓመት አገሩን የያዙት ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው የቀን ገቢ ግምት ነው። ሂሳብ በመዝገብ የማይዝ እንደ እኔ ያለ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ገማቾች ሱቁን አይተው «ይህ ሰው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ባሉት ነው። ሁለተኛው የሁለት ዘፋኞች ጠብ ነው። በፊት አይለያዩም ነበር አሉ፤ ኋላ አንዱ «ዜማዬን ሰረቀኝ» ብሎ ተነሣ፣ ሌላው በስልክ ቪዲዮ ሰደበው፣ ያኛውም መለሰ። አግዳሚው ለሁለት ተከፈለ።

«ዜማ እንደ ግመል ምልክት አይተኮስበት! በምን አውቆ ነው የኔ ነው የሚለው?» ይላሉ መምህሩ።

«ግመልም ምልክቱ ቢጠፋ ባለቤቱ በአረማመዱ ያውቀዋል» ይላሉ ሽማግሌው።

አንድ ቀን አዲስ ስድብ ወጣ ተባለ። እኔም አላርፍ ብዬ ስልኬን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁላቸው። ጥፋቱ የራሴ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አግዳሚው ሞላ፤ ቦታ ያጣው ደጄ ላይ ቆመ። ገማቾቹ የመጡት ይሄኔ ነው። ከሌላ ቦታ የተላኩ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ደብተሩን የያዘችው ልጅቷ ነች። ሽማግሌው እንግዳ አይተው ተነሡ።

«አካም! ናጋ?»

«ደህና ነን አባቴ። ገበያው እንዴት ነው?»

«ናጋ። በጣም ናጋ።»

«ሰው ይመጣል?»

«ይኸው! መቀመጫ ጠፍቶ ቆሟል እኮ።»

«ሱቁስ?»

«ናጋ፣ ተመስገን። ይህ እኮ የአገሩ ሁሉ ሱቅ ነው።»

የስኳር ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ልጅቷ ጻፈች። አመስግና ሄደች።

እኛ ዘንድ ሰላምታ ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ነገር ናጋ፣ ሰላም፣ ነው። ከብቱ ቢያልቅ ናጋ፣ ቤቱ ቢቃጠል ናጋ፤ እንግዳ በክፉ ወሬ አይቀበሉትም። ተቀምጦ አንድ ነገር ከቀመሰ በኋላ ነው ሁለተኛው ዙር የሚመጣው፤ ድርቁም ሕመሙም ያኔ ይነገራል። ገማቾቹ አልተቀመጡም። ሥራ በዝቶባቸዋል።

ግምቱ ሲለጠፍ በስሜ ትይዩ በቀን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ይላል። እኔ ደህና ገበያ በዋለበት ቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሸጥ ነው። በዚያ ግምት ግብር ከከፈልኩ በዓመቱ ከሱቁ የሚቀረው አግዳሚው ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ የንግድ ፈቃዳቸውን መመለስ ጀመሩ።

«አንተም መልስና እንገላገል» አለች ሚስቴ። «ወንድሜ ሻኪሶ ቡና ይነግዳል፤ አብረኸው ሥራ።»

«ፈቃድ ያወጣሁት ልመልሰው አይደለም።»

«እንግዲያው እነዚያ ተቀማጮችህ ይክፈሉልህ!»

ሌላም ሌላም ተባባልን። እሱ ይቅር።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ዘንድ አምስት ቀን ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ያለው ሰው «ማስረጃ አምጣ» አለኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ብዙ እንደማትሸጥ የሚያሳይ።»

«ያልሸጥኩትን ዕቃ ጭኜ ላምጣ?»

«አትቀልድ» አለኝ። መቀለዴ አልነበረም። እዚያው ቆሜ ሳስበው ግን ያልገዙትን ሰዎች ማምጣት እችላለሁ።

ምስክር ሁኑኝ ስላቸው መምህሩ ወዲያው እሺ አሉ፤ መንግሥትን ፊት ለፊት የሚናገሩበት ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። ሽማግሌው ግን በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «ቤትህን በሰው ፊት ድሃ ነው እንድል ነው የምትለምነኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«ናጋ ያልኩትን ቃል እንድመልስ?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት ደጁ ተቀምጬ አልገዛሁም ብዬ እንድመሰክር?»

ደላላ ከብት የለውም፤ ያለው ቃሉ ነው። እሳቸው «ይህ በሬ ደህና ነው» ካሉ ገዢው ጥርሱን ሳያይ ይከፍላል። በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። በማግስቱ አግዳሚው ላይ አልነበሩም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ማመልከቻዬ በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የሚታይበት ቀን ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ ከመምህሩ ጋር ብሄድ፣ ሽማግሌው ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከቢሮው በር ላይ ቀድመውኝ ቆመዋል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሽማግሌው ገብተው ሦስቱንም በየተራ ሰላም አሉ። ልጆቹ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ቢሮው ናጋ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ሽማግሌው ተቀመጡ፣ ውሃ አስመጡ፣ ቀስ ብለው ጠጡ።

«አሁን ሁለተኛውን ዙር ልናገር» አሉ። «ናጋ ያልኩት እንግዳ ስለመጣብኝ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ያልኩትን ጻፈች። ያልቆየችው ግን ለዚህኛው ነው። እኔ በዚህ ሰውዬ ደጅ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ውሃውን ጠጥቻለሁ፣ ጥላውን ለብሻለሁ። አንድ ነገር አልገዛሁትም። የቤቴን ስኳር ልጄ ከሌላ ሱቅ ነው የምትገዛው።»

ይህን የመጨረሻውን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«እኔ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዝቻለሁ» አሉ መምህሩ። «አንዱ አልሠራም።»

«ታዲያ ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራ ነበር?» አለ ሰብሳቢው።

«ስለ ዘፋኞቹ እንከራከር ነበር።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የዜማው ነገር? እኔ እንኳ ሰርቆታል ባይ ነኝ።»

«ኧረ አልሰረቀም!» አለች ጸሐፊዋ ከጎኑ። «መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው እኮ!»

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። ኮሚቴውም ለሁለት ተከፈለ። የእኔ ማመልከቻ መሐላቸው ተዘርግቷል፤ ማንም አያየውም። እንግዲህ እነዚህም አግዳሚ ያስፈልጋቸዋል አልኩ በሆዴ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰብሳቢው ድንገት ዞረብኝ። «በየቀኑ እንዲህ ነው ሱቅህ?»

«በየቀኑ።»

«ማንም ሳይገዛ?»

«እርስዎስ አሁን ምን ሸጡ?»

ሳቀ፤ አንድ ነገርም ጻፈ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ዘፋኞቹ ሳይቆዩ ታረቁ፤ መድረክ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። መምህሩ እንደ ተካደ ሰው ሦስት ቀን አኮረፉ።

ሽማግሌው ከቢሮው በወጣን በማግስቱ ጠዋት መጡ። እንደ ድሮው አግዳሚው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ቆጣሪዬ ድረስ ገብተው «ክብሪት» አሉ።

«አንቱ ሲጋራ አያጨሱ፤ ምን ያደርግልዎታል? እንዲሁ ይውሰዱት አባቴ።»

«ገዢ ነኝ» አሉና ሳንቲሙን አስቀመጡ። ከዚያ ወጥተው ተቀመጡ። በማግስቱም እንዲሁ አደረጉ።

ግምቱ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ወረደ። ከእውነቱ አራት መቶ ይበልጣል፤ ከፍያለሁ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ነው። ሽማግሌው በየቀኑ አንድ ክብሪት ይገዛሉ።