የኳንታ ኮምፒውተር ለሁሉም

ባነሩን ያተመው ሰውዬ ጥፋቱን አላመነም። "ኳንተም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው እንዳይስቅብህ አስተካክዬልህ ነው" አለኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ንግግር በማደርግበት ካፌ ፎቅ ላይ የተሰቀለው ባነር "የኳንታ ኮምፒውተር ለሁሉም፤ ቅዳሜ ከሰዓት፤ መግቢያ በነፃ" ይላል። እኔ ጽፌ የሰጠሁት ኳንተም ብዬ ነው። ይባስ ብሎ ከጽሑፉ ጎን በገመድ ላይ የተሰጣ ሥጋ ሥዕል ጨምሮበታል።

በጣም ተናደድኩ። የበለጠ ያናደደኝ ደግሞ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አለመሳሳቱ ነው። በላቲን አንዱ ኳንተም ይባላል፤ ሲበዛ ኳንታ ይሆናል። ይህን ግን ለማን ይነግሩታል? ሰዓቱም ደርሶ ነበር።

ያን ቀን አባቴ ሊያዳምጡኝ ይመጣሉ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ውጭ የሚላክ አበባና ሥጋ በሚቆይበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሠርተዋል። ሕክምና እንድማር ፈልገው እኔ ፊዚክስ ከመረጥኩበት ቀን ጀምሮ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ስለ ትምህርቴም ሆነ ስለ ሥራዬ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። የምንኖረው አብረን ነው፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም። ስለ ውሃ መጥፋት እናወራለን፤ ስለ ጎረቤት ጄነሬተር እናወራለን። ወደ ሥራዬ ሲደርስ ዝም ነው። እንዲመጡ ስለምናቸው "እስቲ፣ እግሬ ከፈቀደ" ብቻ አሉኝ። እንዲያደንቁኝ አልፈለግኩም። አንድ ጊዜ እንዲጠይቁኝ ነበር የምፈልገው።

የካፌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ለፊዚክስ እንዲህ ያለ ግፊያ አይቼ አላውቅም። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ባሕር ማዶ ላሉ ልጆቻቸው ኳንታ የሚልኩ ናቸው፤ አንደኛዋ በፌስታል ናሙና ይዘው መጥተዋል። ከኋላቸው ነጭ ጋውኑን ያላወለቀ ባለ ሥጋ ቤት አለ። አባቴ መጨረሻው ረድፍ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባነሩን አይተውታል ማለት ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

"ዛሬ የምናወራው ስለ ሥጋ አይደለም" ብዬ ጀመርኩ።

"ገብቶናል፣ ስለ ማሽኑ ነው" አሉኝ ባለ ናሙናዋ እናት። "ማሽኑን ንገረን። ስንት ኪሎ ይችላል?"

ተስፋ ቆረጥኩና በመጡበት መንገድ ልሂድላቸው አልኩ። ብርሃን እንደ ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ የሚፈስ ይመስለናል፤ ነገር ግን እንደ ዝልዝል ሥጋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የሚቆጠር ነው አልኳቸው። ያቺ አንዷ፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ድርሻ ኳንተም ትባላለች። ግማሿን ስጡኝ ቢሉ አይገኝም።

"ሩብም የለው?" አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

"ሩብም የለውም።"

"ታዲያ ደንበኛ እንዴት ይያዛል?" አለና ከልቡ አዘነልኝ።

ቀጠልኩ። ተራው ኮምፒውተር የሚያስበው እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። የኳንተሙ ግን ረዳቱ "ቦሌ፣ መገናኛ" እያለ የሚጠራው ታክሲ ነው። እስክናየው ድረስ ወደ አንዱ አልለየለትም።

"ሹፌሩ ግን ያውቀዋል" አሉ ባለ ናሙናዋ።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትዕግሥቴ ያልቃል። "ሹፌሩም አያውቅም። እኛ ስላላወቅን አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ገና አልተወሰነም" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"እሱንማ በየቀኑ እናየዋለን" አለ አዳራሹ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ ለማሳመን አንድ ሴሚስተር የሚፈጅብኝን እነሱ ከታክሲ ሰልፍ ይዘውት መጥተዋል።

ኮምፒውተሩ መልሱን ሁሉ ባንዴ ይሞክራል የሚባለው ትክክል እንዳልሆነም ነገርኳቸው። ጥበቡ የተሳሳቱት መንገዶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ፣ ትክክለኛው እንዲጎላ ማድረግ ነው። ያም ቢሆን ለአንዳንድ ከባድ ስሌት እንጂ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ባለ ሥጋ ቤቱ "መብራት ሲጠፋስ?" አለ። ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ።

ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ዲግሪ አካባቢ፣ ብርድ ሁሉ የሚያልቅበት ወለል አጠገብ እንደሆነ ስናገር ሳቅ ሆነ። "በዚህ ብርድማ ኳንታ አይደርቅም" አሉ አንዷ፤ ሁሉም ተስማማ።

ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። አባቴ ናቸው። ተነሥተው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ይቅርታ መምህር፣ ከዚያ በታችስ ብርድ የለም ይላሉ?"

በአንቱታ "ይላሉ" አሉኝ። አባቴ፣ እኔን። ሲቆጡ "አንት የማትረባ" እያሉ ያሳደጉኝን። ሰው ሁሉ የማንተዋወቅ መስሎት መልሴን ይጠብቃል።

"የለም አባባ" አልኩ። "ሙቀት ማለት የጥቃቅን ነገሮች መንቀጥቀጥ ነው። የሚቀነስ ካለቀ ሌላ ብርድ ከየት ይመጣል?"

"እንግዲያው ጨርሰው ቀጥ ይላሉ?"

"አይሉም። የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ ማንም አይወስድባቸውም። ኳንተም ማለት ይሄም ነው።"

"እምቢተኞች ናቸዋ" አሉና ተቀመጡ።

ስንመለስ የአራብሳ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወደ "አንተ" ተመለሱ፤ መጠየቁን ግን አልተዉትም።

"የመጋዘኑ በር ሲከፈት ብርዱ ወጣ እያልን ስንጮህ ነው የኖርነው። ብርድ የሙቀት ማነስ ብቻ ከሆነ ምን ነበር የሚወጣው?"

"የቀዘቀዘው አየር ይወጣል። ሥጋውን የሚያበላሸው ግን የሚገባው ሙቀት ነው።"

"ስንቱን ሰው በከንቱ ገሠጽኩት" አሉ። ከዚያም ሙቀት ለምን ወደ ብርድ እንደሚሄድ ጠየቁኝ፤ ከዚያም ይህን ማን እንዳወቀ፤ ከዚያም እኔ በዓይኔ አይቼው እንደሆነ። ደስታዬን የት ላድርገው? እየተንተባተብኩ እመልሳለሁ።

ሰፈራችን ደረሰ። እኔ አየሁት። አባቴም በመስኮቱ አዩት። "ወራጅ አለ" ያለ ግን አልነበረም።