በበርሜሉ ላይ የተጻፈው ቃል

ባለፈው ሳምንት ለታናሽ ወንድሜ ለእንድሪስ ልጅ ሠርግ ሰመራ ወርጄ፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ ለትንኝ ብላ ክፍሌን ስትረጭልኝ፣ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲገባ አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ልጅቷ ደነገጠች። ምን ብዬ ልንገራት! ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን ዛሬም ክው እላለሁ።

አባቴ ከወሎ ወርዶ አዋሽ ዳር፣ መልካ ወረር አጠገብ በአንድ የጥጥ እርሻ ቦይ ጠባቂ ነበር። በዚያ እሳት በሚተፋ አገር ውሃ የሚያጠራቅም ዕቃ ያለው ሰው ጌታ ነውና፣ አንድ ቀን አባቴ አውሮፕላን ጥጡ ላይ የምትረጨው የተባይ መድኃኒት የመጣበትን ባዶ በርሜል እያንከባለለ ሲመጣ ሠፈሩ ሁሉ ቀናብን። እናቴ በአመድና በአሸዋ ሦስት ቀን ፈተገችው፤ ፀሐይ ላይ ገልብጣ ሽታው ሲጠፋላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ውሃ ሞላችበት። ለመጠጡም ለውዱውም ከሱ ሆነ።

በርሜሉ ሆድ ላይ በቀይ ቀለም አንድ የፈረንጅ ቃል ተጽፎበት ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠር ስጀምር በራሴ ገጣጥሜ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው፤ «ዳንገሮስ» ነበር የምለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ውሃ በጣሳ እየቀዳች «ፋጡ፣ እስቲ አንብቢላቸው!» ትለኛለች፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዳን-ገ-ሮስ!» እላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ጣሳውን ጭልጥ አድርገው «እደጊ! አንቺስ ፈረንጅ ነሽ» ብለው ይመርቁኛል። ትርጉሙን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ብሆን ማንበቤ በቅቶኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስገባ መምህራችን ያንኑ ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉት። አጠራሩ «ዴንጀረስ» መሆኑን ነገሩን፤ ከስም ፊት እየቆመ የነገሩን ጠባይ የሚናገር ቃል ነው ብለው አዞንና እብድ ውሻን ምሳሌ አደረጉ። «አደገኛ፣ ሰው የሚገድል ማለት ነው» አሉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ የኔው ናቸው። እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ የውሃ በርሜል ላይ ሲጻፍስ?» አልኩ። «ወደ ቤት ሩጪ!» ብለው ጮኹብኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ እንድሪስን ታቅፋ በጣሳ ልታጠጣው ነው። ጣሳውን በጥፊ መታሁት። «እማ፣ መርዝ ነው! ይገድላል ማለት ነው!» አልኳት። ባለጌ ብላ እጇን አነሳች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ በርሜሉ ላይ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ያንን የሚያህል በርሜል ብቻዋን ገፍታ ደፋችውና ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ስንቴ ነው ያነበብሽልን ልጄ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታናሽ እህቴ ሐሊማ በአራት ዓመቷ በሆድ ሕመም ሞታብን ነበር፤ ሙቀቱ ነው ያለም፣ ዓይን በላት ያለም ነበር። በርሜሉ ይሁን ሌላ፣ አላህ ነው የሚያውቀው። እናቴ ግን በርሜሉን ከደፋችበት ቀን ወዲያ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም። ሰው ሁሉ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ይለኛል፤ እውነት ነው። ግን ሐሊማ ትኩሳት ይዟት ውሃ ውሃ ስትል ጣሳውን አፏ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ትንሽ እንድትስቅልኝ ብዬ ቃሉን እያነበብኩላት። ሳቀችልኝ ደግሞ።