አሮጌዋ ሳትቀምሰው

የክሊኒኩን የራጅ ፕሮግራም የምትጠብቀውን ፕሮግራመር ባልደረቦቿ «ቀማሿ» ይሏታል። ከውጭ የመጣ ፋይል፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጥግ ላይ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ካልተቀመሰ ዋናው ላይ አይጫንም። አሮጌዋ ከኢንተርኔትም ከምንም አልተገናኘችም፤ ብትሞትም የሚያለቅስላት የለም። ሰው ይስቃል፤ ቀማሿ ደግሞ ደንታ የላትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን እሷው ራሷ አመነታች። የመጣላት ራጅ አይቶ በሽታ የሚለይ አዲስ ፋይል ነው፤ የላኩት ደግሞ ኮድ መጻፍ ያስተማሯት፣ እስከ ዛሬ «ጋሼ» የምትላቸው መምህሯ። በአራት ሰዓት ሐኪሞቹ ሊያዩት ይሰበሰባሉ። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ የገዛ መምህርሽን ልትጠረጥሪ ነው ወይ፣ ጫኚውና እንገላገል አላት። እውነት ለመናገር እሷም አፍራለች። የጋሼን ፋይል ማስቀመስ ፊት ለፊት ሌባ እንደማለት ሆነባት፤ እጇ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ሄደ።

እዚያ ውስጥ ያለው ግን የአሥራ ሁለት ሺህ ታካሚ ምስጢር ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ደግሞ ዝም ብሎ የሚነበብ ነገር አይደለም። የታሸገ ዕቃ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲፈታው ውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ካለ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ይጀምራል። ይቅር ይበሉኝ እንግዲህ ብላ ወደ ጥጓ ኮምፒውተር ዞረች።

ከፈተችው። የአሮጌዋ ማራገቢያ ወዲያው ጮኸ፤ ለሙከራ ያስቀመጠቻቸው የውሸት ታካሚዎች መዝገቦች ዓይኗ እያየ አንድ በአንድ ይቆለፉ ጀመር! ፋይሉ ከሩቅ ሌላ ኮድ ሊያወርድም ይፍጨረጨራል፤ መውጫ በር ግን የለውም። ቀማሿ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ለራሷም አልገባት። አለቃዋ ላብ በላብ ሆኖ በተነሳችበት ወንበር ተቀመጠ።

ስልክ ደወለች። ጋሼ የሠሩትን ፋይል ገና አልላኩም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ኢሜይላቸው አልከፈት ብሏቸው ሲታገሉ ነው የሰነበቱት። ለካ ሌባ በስማቸው ገብቶ ኖሯል። ሁሉን ስትነግራቸው ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«የኔ ነው ብለሽ እያሰብሽ ነው ያስቀመስሽው?»

«አዎ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

«ጎሽ የኔ ልጅ። ነገ እውነተኛውን ስልክልሽም እንዲሁ አድርጊ።»