ምርቃት የማይወድ ብረት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ጤፉ ከአውድማ በገባበት ሰሞን ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ «የለም፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው» ትላለች። ብቻ ቢቸና ያለችው ወፍጮዬ ቆማለች። ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት ተበልቶ አልቋል። እህል ጭኖ የመጣው ሁሉ አህያውን እየመለሰ ወደ ሌላ ወፍጮ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ሞጣ ሄጄ ብረት እየላጨ ለሚቀርጸው የቶርኖ ቤት ባለሙያ ነገርሁት። ሰውየው ማይክሮሜትር አዋሰኝ፤ ብረት መሐሉ አስገብተው እጀታውን እያዞሩ ውፍረት የሚያነቡበት መለኪያ ነው።

«የዘንጉን ውፍረት በስልክ ይንገሩኝ። ያለኝ ነሐስ ይቺው ናት፤ አንዴ ከላጨኋት አትመለስም» አለኝ። አነባበቡንም አሳየኝ። እዚያ ሳለሁ ገብቶኝ ነበር።

ቢቸና ስደርስ ጠፋኝ። ትልልቁ መስመር ሚሊሜትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ግማሹ። የሚዞረው እጀታ ላይ ሌላ መስመር አለ። ደግሞ ከዚያ አለፍ ብሎ እንደ ጸጉር የቀጠኑ መስመሮች፤ ከእነሱ ከእጀታው መስመር ጋር የገጠመችው የመጨረሻዋን ቅንጣት ትናገራለች ተብሏል። ለእኔ ምንም አልነገሩኝም። ዕድሜዬን በጣሳና በቁና ስሰፍር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሰፍሬ ምርቃት ካልጨመርሁ እጄ ያፍራል። መስመሩ በሁለት ቁጥር መካከል ሲያርፍብኝ ለትልቁ ሰጠሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግማሿን ረሳኋት። በደወልሁ ቁጥር የምናገረው ይለያያል።

«አባቴ፣ ዘንግዎ አንዴ ይከሳል አንዴ ይወፍራል፤ ምን እያበሉት ነው?» አለኝ ባለሙያው።

«እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር» አልሁት።

ባለቤቴ አጠገቤ ጋቢ ትሰፋለች። ጋቢ ከሸማኔ የሚመጣው በሁለት ቁራጭ ነው፤ እሷ ጥለቱን ከጥለቱ አጋጥማ አንድ ታደርገዋለች። መርፌዋን ሰካችና መነጽሯን አስተካክላ «እስቲ አምጣው» አለች።

«ከእነዚህ ቀጫጭኖች ከእጀታው መስመር ጋር የሚገጥመው የቱ ነው?»

«ሁሉም የገጠሙ ይመስለኛል።»

«አይደሉም። ይኼ ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ያ ወደ ታች። አንዷ ብቻ ቀጥ ብላ አልፋለች። ጥለት ስገጥም የማያት እሷን ነው።»

«ትንሽ ልጨምርለት?»

«ብረት ምርቃት ምን ያደርግለታል? ጨምረህ ከተናገርህ ቀለበቱ ይሰፋና ዘንጉ ውስጡ ሲንገዋለል ይውላል።»

እሷ እያሳየችኝ እኔ ለሞጣ ተናገርሁ። ባለሙያው ደግሜ እንድለካ አደረገኝ፤ ያው ሆነ። ቀለበቱ በአውቶቡስ መጣ፣ በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ሰተት ብሎ ገባ፣ ወፍጮዋም ዞረች።

መለኪያውን ከመመለሴ በፊት ብቻዬን ዘንጉን ለካሁት። ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ምኑን እንደሳትሁ ዛሬም አላውቅም። ማን አሻገረህ ካሉኝ ግን እሱ አይጠፋኝም፤ ይኼን የለበስሁትን ጋቢ የገጠመችው ባለቤቴ ናት።