ሁለት ዓመት ያልታየ ወገብ

ወገቤን ሁለት ዓመት አመመኝ። የምንኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ከታች በጀሪካን እቀዳለሁ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀኝም።

ሐኪም ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ማስታገሻ ጻፈልኝ። በመጨረሻው «ዕድሜ ነው፣ እናቴ» አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። እሱም ከእኔ የሚያንስ አይመስለኝም።

ጸበል ተጠመቅሁ። በተጠመቅሁ ቁጥር ይቀለኝ ነበር፤ ስለዚያ አምላኬን አመሰግናለሁ። ያናደዱኝ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ናቸው። ሕመሙ ሲመለስብኝ እምነትሽ ጎድሎ ነው አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ተኝተሽ ዕረፊ አሉ። መቀነቴን አጥብቄ ሦስት ሳምንት ተኛሁ፤ ስነሳ ባሰብኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዷ በሰው ፊት «አንቺ ዘንድሮ ከስግደቱ ማምለጫ አገኘሽ» አለችኝ። ሳቁ። እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አንድም ስቅለት ቤቴ ውዬ አላውቅም። መስገድ አልችልም ይሆን የሚለው ሐሳብ ከወገቤ ይልቅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ሴት ልጄ ጦር ኃይሎች አካባቢ ወገብና መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ ወደምታክም ባለሙያ ወሰደችኝ። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። የቀን ሥራዬን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ስግደቱን ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት፤ ይተዉት ትለኛለች ብዬ ነበር።

«እስቲ እንዴት እንደሚሰግዱ ያሳዩኝ» አለችኝ።

ነጠላዬን አስተካክዬ እዚያው ወለሉ ላይ ሰገድኩ።

«ጉልበትዎን ሳያጥፉ ነው የሚወርዱት፤ የሚነሱትም በወገብዎ ነው። ጀሪካኑንም የሚያነሱት እንደዚሁ ነው አይደል?»

እንደዚሁ ነበር። እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ስለ ወገቤ ተናገረ፤ እስቲ አሳዪኝ ያለኝ ግን አልነበረም።

ጉልበት አስቀድሞ መውረድ፣ አንድ እግር አስቀድሞ መነሳት አስለመደችኝ። ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ የምሠራው እንቅስቃሴም ሰጠችኝ። በእግርዎ ይሂዱ፣ ብዙ አይተኙ አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ላላልኝ።

ስቅለት ዕለት ደብራችን ግቢ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ቀስ እያልኩ ሰገድኩ። ያቺው ሴት ጎኔ ነበረች። «እንደ ግመል ነው እንዴ የምትንበረከኪው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ጉልበቴን አስቀድሜ ወረድኩ። ሰግጄ ዋልኩ።

ወደ ማታ እንደ ሥርዓቱ ተሰልፈን ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ እያደረጉ ኃጢአታችንን ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ «ቂም ይዣለሁ፣ አባቴ። ወገቤን ሳያዩ የፈረዱብኝን ሰዎች ይቅር አላልኩም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሃምሳ ስገጂ» አሉኝ።

ወገብሽን ያምሻልና ይቅርብሽ አላሉኝም። ሃምሳውንም ሰገድኩ። ተመስገን። ሴቶቹን አርባኛው ስግደት ላይ ስደርስ ይቅር አልኳቸው። ሐኪሙ ገና ነው።